ቪዲዮ ሲሽከረከርባችሁ «ኮንቨርት» ከማድረጋችሁ በፊት

ጅማ መርካቶ አካባቢ አነስተኛ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለችኝ፣ ሰርግ፣ ኒካህ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት፣ ልደት ምናምን እንቀርፃለን። ሰው ስራችን ቀረፃና ኤዲቲንግ ብቻ ይመስለዋል እንጂ ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው ቪዲዮው አልቆ ከተሰጠ በኋላ ነው፣ «ቲቪው ላይ ድምፅ የለውም»፣ «ሪያድ ያለችው ልጄ ጋ ይሽከረከራል እንጂ አይከፍትም»፣ «ወደፊት ላሳልፈው ስል ቀጥ ይላል»፣ «ስልኬ ላይ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው»። እኛ የቀረፅነውን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ሌላ ቤት ያሰሩትንም፣ ራሳቸው በስልክ የቀረፁትንም፣ ከዲሽ ሪሲቨር ፍላሽ ላይ የቀዱትንም ይዘው ይመጣሉ፣ ያው ሰፈር ውስጥ አንዴ ኮምፒውተር ያውቃል ከተባልክ አለቀልህ። ጥያቄው ሁሌ አንድ አይነት ስለሆነ የማደርገውን እንዳለ ልጻፈውና የሚጠቅመው ይውሰደው ብዬ ነው።

እኛ ጋ ቪዲዮ እምቢ ሲል የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፣ «ኮንቨርት አድርገው»። ከዛ ሰውዬው የሆነ ኮንቨርተር ያወርዳል፣ ፋይሉን ይከተዋል፣ ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል፣ መብራት ካልሄደ ጠዋት አዲስ ፋይል ያገኛል፣ ይጫወታልም፣ ግን የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ የነበረው ጥልፍ ጠፍቶ ዝም ብሎ ነጭ ጨርቅ ሆኗል፣ ጨለማው አካባቢ ደግሞ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይርገበገባል። የሚያናድደው ምን መሰላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምስሉ ላይ ምንም ችግር አልነበረም።

ነገርየው እንዲህ ነው። ኤምፒፎር፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ፣ ሞቭ፣ ቲኤስ የምንላቸው ነገሮች ቪዲዮው ራሱ አይደሉም፣ መያዣ ናቸው፣ በጅማ አማርኛ ጆንያ በሉት። ጆንያው ውስጥ ነው ምስሉ በአንድ ኮዴክ (የመጨመቂያ ዘዴ ማለት ነው)፣ ድምፁ በሌላ ኮዴክ ተጨምቀው፣ ሰብታይትልም ካለ እሱም ተጨምሮ የሚቀመጡት። ሪመክስ ማለት ውስጡን ሳትነካ ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላ መገልበጥ ነው፣ ምስሉ ከነጥራቱ እንዳለ ይተላለፋል፣ ኮምፒውተሩም ምንም አያስብም፣ መገልበጥ ብቻ ነው ስራው። ኤንኮድ ማድረግ ግን ምስሉን ፈትቶ እንደገና መጨመቅ ነው፣ ሰዓት ይበላል፣ ከጥራቱም የሆነ ነገር ይወስዳል፣ የወሰደውን ደግሞ አይመልስም። ጆንያው ተቀደደ ተብሎ ቡና ድጋሚ አይቆላም አይደል፣ በቃ እሱ ነው።

ስለዚ መጀመሪያ ማየት ነው። ሚዲያኢንፎ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፣ ለዊንዶውስም ለአንድሮይድም አላት፣ ፋይሉን ስትሰጧት ውስጡ ያለውን ሁሉ ትዘረዝራለች። እሷ ከሌለች ቪኤልሲ ላይ ቪዲዮውን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ጄን ስትጫኑ ዋና ዋናው ይወጣል። እኔ የማያቸው ነገሮች፣ የምስሉ ኮዴክ ምንድነው፣ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚፈሰው ዳታ) ስንት ነው፣ ቀለሙ 8 ቢት ነው ወይስ 10 ቢት፣ የድምፁ ኮዴክ ምንድነው፣ ፍሬም ሬቱ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ቋሚ ነው ወይስ የሚዋዥቅ። ሌላውን ብዙም አላየውም።

ምስሉ ኤች 264 (ኤቪሲ ተብሎም ይጻፋል) 8 ቢት፣ ድምፁ ኤኤሲ ከሆነ ይሄ ፋይል ስልኩም ቲቪውም ብሮውዘሩም ይጫወተዋል ብላችሁ ያዙት። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው፣ አሁን ያለ እቃ ሁሉ ማለት ይቻላል ያውቀዋል። ኤች 265 ወይም ሄቪሲ የሚባለው በ2013 የመጣ ነው፣ በተመሳሳይ ጥራት ፋይሉን በጣም ያሳንሳል ግን ትንሽ የቆየ ቲቪ ላይ ወይ ጥቁር ነው ወይ ድምፅ ብቻ ነው። አዲሶቹ አይፎኖች «ሃይ ኢፊሸንሲ» ላይ ከሆኑ በዚህ ነው የሚቀርፁት፣ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» ካደረጋችሁት ወደ ኤች 264 ይመለሳል፣ ለዘመድ ቲቪ የምትቀርፁ ከሆነ ከቀረፃው በፊት እሱን መንካት ከሁሉም ይቀላል።

አሁን ወደ መሳሪያው። እኔ የምጠቀመው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው፣ ነፃ ነው፣ መስኮት ምናምን የለውም፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትዕዛዝ ነው የምትጽፉለት። ትዕዛዙን እንደሚነበበው ነው እዚህ የማስቀምጠው፣ ስትተይቡ በላቲን ፊደል አድርጉት፣ ዳሽ ስል ጭረቷን (-)፣ ኮሎን ስል ሁለት ነጥቧን (:)፣ ፕላስ ስል መደመሪያዋን (+) ነው። ሪመክስ ለማድረግ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ዳሽ አይ፣ የፋይሉ ስም፣ ዳሽ ሲ ኮፒ፣ አዲሱ ስም ነጥብ ኤምፒፎር። አለቀ። ዳሽ ሲ ኮፒ የምትለዋ ናት ዋናዋ፣ «አትንካው፣ ገልብጠው» ማለት ነው። ብዙ ጊጋ ያለው ፋይል የሚጨርሰው ሃርድ ዲስኩ በሚያነብበት ፍጥነት ነው። ሁለት ድምፅ ያለው ቪዲዮ ከሆነ ግን ዝም ካላችሁት አንዱን ብቻ መርጦ ነው የሚወስደው፣ ሁሉም እንዲመጣ ዳሽ ማፕ 0 ኮሎን ቪ፣ ዳሽ ማፕ 0 ኮሎን ኤ ብላችሁ ጨምሩበት። ጥቁር ስክሪን የሚያስፈራው ሰው ካለ ሎስለስከት የሚባል በመስኮት የሚሰራ አለ፣ ውስጡ ያው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። ወደ ኤምኬቪ ከሆነ የምትሄዱት ደግሞ ኤምኬቪቱልኒክስ አለ።

የፋይሉን ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ኤምኬቪ አጥፍቶ ኤምፒፎር ብሎ መጻፍ ሪመክስ አይደለም ወገኖቼ። አንዳንድ ፕሌየር ስሙን ሳይሆን ውስጡን አይቶ ስለሚከፍተው ሰራ ትላላችሁ፣ ቲቪ ላይ ግን ያጋልጣችኋል።

የድምፁ ጉዳይ። ሂርማታ አካባቢ አንድ ደንበኛ አሉኝ፣ ሐጂ ነው የምላቸው፣ የልጃቸውን ሰርግ ከእኛ ሌላ የወንድማቸው ልጅ በራሱ ካሜራ ቀርፆት ነበርና ከካሜራው በቀጥታ ገልብጦ በፍላሽ ሰጣቸው። ቤት ጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ ፍላሹ ቲቪው ላይ ተሰክቷል፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ይሄዳል፣ ሰው ሲጨፍር ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም፣ ከታች «ይሄን ድምፅ አላውቀውም» አይነት ጽሁፍ ብቅ ይላል። ስደርስ ሐጂ ምንም አላሉም፣ ሪሞቱን አቀበሉኝና «በል አንተው አናግረው» አሉኝ። በሚዲያኢንፎ ሳየው ምስሉ ኤች 264፣ ድምፁ ፒሲኤም ነው፣ ማለትም ምንም ያልተጨመቀ ድምፅ። ከፍ ያሉ ካሜራዎች ብዙዎቹ እንደዛ ነው የሚቀዱት፣ ለኤዲቲንግ ጥሩ ነው፣ ኤምፒፎር ውስጥ ሆኖ ሲመጣ ግን ብዙ ቲቪና ስልክ አይሰማውም። መፍትሄው ምስሉን ኮፒ፣ ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ፣ ዳሽ ሲ ኮሎን ቪ ኮፒ፣ ዳሽ ሲ ኮሎን ኤ ኤኤሲ፣ ዳሽ ቢ ኮሎን ኤ 192 ኬ። ድምፅ መጨመቅ ለኮምፒውተር ቀላል ነው፣ ሰዓት የሚፈጀው ምስል ነው። አቦል ሲቀዳ የጀመርኩት ቶና ሳይደርስ ፍላሹ ላይ ነበር። ዲቲኤስ ወይም ኤሲስሪ የሚባል ድምፅ ያለበት ፊልምም ብሮውዘር ላይ ድምፅ አልባ ሲሆንባችሁ መድሃኒቱ ይሄው ነው፣ ምስሉን አትንኩት።

ቀጥሎ ያለው ነው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ውጭ ሀገር ላለ ዘመድ በሊንክ ለሚልክ ሰው ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥብኝ። ኤምፒፎር ፋይል ውስጥ «ሙቭ» የሚባል ክፍል አለ፣ ማውጫ ነው፣ እያንዳንዱ ፍሬም ፋይሉ ውስጥ የት ቦታ እንዳለ፣ ስንት ሰዓት ላይ መታየት እንዳለበት፣ ኮዴኩ ምን እንደሆነ የተጻፈው እዛ ላይ ነው። ማውጫው ከሌለ ፕሌየሩ አንዲት ፍሬም እንኳን ማሳየት አይችልም። ችግሩ ቪዲዮውን የሚጽፈው ካሜራ ወይም ሶፍትዌር ቪዲዮው እስኪያልቅ ድረስ ማውጫውን ማዘጋጀት ስለማይችል መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ሆኖ ሲከፈት ምንም አይደል፣ ወደ ፋይሉ ጭራ ዘሎ አንብቦ ይመለሳል። በኢንተርኔት ሲሆን ግን ልጅቷ ሪያድ ሆና ሊንኩን ስትነካ ፕሌየሩ ከመጀመሪያው ማውረድ ይጀምራል፣ ማውጫ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ሰርቨሩ (ፋይሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ከመሃል መዝለል የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ጭራው ይሄዳል፣ አንብቦ እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ይሄ ምልልስ ራሱ ያስጠላል። ሰርቨሩ መዝለል የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ፋይሉ እስኪወርድ ድረስ ክቧ ስትሽከረከር ትኖራለች። ሰዉ «ኢንተርኔቱ ነው» ይላል፣ ኢንተርኔቱም ንፁህ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን እዚህ ጋ ጥፋተኛው ፋይሉ ነው።

መፍትሄው ማውጫውን ወደ ፊት ማምጣት ነው። ሪመክስ ስታደርጉ ከዳሽ ሲ ኮፒ ቀጥሎ ዳሽ ሙቭፍላግስ፣ ከዛ ፕላስ ፋስትስታርት ብላችሁ ጨምሩ። ፋይሉን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ አንድ ዙር ተመልሶ ማውጫውን አናቱ ላይ ያደርገዋል፣ ለዛ ነው መጨረሻ ላይ ትንሽ የቆመ የሚመስለው፣ እንዳትዘጉት። ጥራቱ ላይ ዜሮ ለውጥ፣ መጠኑም ያው ነው፣ ግን ሊንኩ ሲነካ የመጀመሪያው ጥቂት ሜጋ እንደወረደ ወዲያው መጫወት ይጀምራል። ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ኮንቨርተር የምትጠቀሙ ከሆነ «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የምትለዋ ትንሽ ሳጥን ይሄው ናት፣ ምልክት አድርጉባት። መሆኑን ለማረጋገጥ ሚዲያኢንፎን ሙሉ ዝርዝር እንዲያሳይ ስታደርጉት ስትሪመብል የሚል መስመር አለ፣ «የስ» ካለ ጨርሳችኋል። እኔ አሁን ከቤቴ የሚወጣ ማንኛውም ኤምፒፎር ላይ ሳላስበው ነው የምጨምረው፣ በፍላሽ የሚሄደውም ላይ ጭምር፣ ምክንያቱም ሰው ከፍላሹ አውጥቶ ቴሌግራም ላይ እንደሚጭነው አውቃለሁ።

ቴሌግራም ካልኩ አይቀር፣ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ መብለጥ የለበትም፣ ፕሪሚየም ላለው 4 ጊጋ ነው። ከስልክ እንደ ቪዲዮ ስትልኩት ራሱ ስለሚጨምቀው ከኮምፒውተር ላይ ላኩት። ኤምኬቪ ሆኖ ከሄደ ብዙ ስልክ ላይ ሙሉ በሙሉ ካልወረደ አይከፈትም፣ ኤምፒፎር በኤች 264ና በኤኤሲ፣ ማውጫው ፊት ሆኖ ከሄደ ግን እየወረደ ይታያል።

ሪመክስ የማያድናቸው ፋይሎች አሉ፣ እሱንም እንነጋገር። የካሜራው ኦሪጅናል በሰከንድ 50 ሜጋቢት ከሆነ አንድ ሰዓቱ 22.5 ጊጋ ነው፣ ማውጫውን ፊትም አድርጉት ጎንም አድርጉት ይሄን በኢንተርኔት ማንም አያየውም። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ሜጋቢቱን በ0.45 አባዙት የአንድ ሰዓቱን ጊጋባይት ይሰጣችኋል። ለሊንክ እኔ ሁለት ነው የማወጣው፣ 720 ፒ በ2 ሜጋቢት አካባቢ (ሰዓቱ 900 ሜጋ ገደማ) እና 480 ፒ ድምፁን ጨምሮ 0.9 ሜጋቢት (ሰዓቱ 400 ሜጋ ገደማ)። ጅማ ውስጥ በሞባይል ዳታ ለሚያየው ሰው ሁለተኛውን ነው የምልከው፣ ስልክ ላይ ልዩነቱን የሚያየው የለም፣ ፓኬጁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ያያል። ባለሙያዎቹ በቁርጥራጭ ከፋፍለው ፕሌየሩ ራሱ ጥራቱን እንዲመርጥ የሚያደርጉበት ኤችኤልኤስ የሚባል ዘዴ አለ፣ እኔ ለአንድ ሰርግ እሱ ውስጥ አልገባም፣ ሁለት ሊንክ ይበቃል።

ኤንኮድ ስታደርጉ ቢትሬቱን ዝም ብላችሁ ቋሚ አታድርጉት። ኤክስ264 (ኤፍኤፍኤምፔግ ኤች 264 የሚጨምቅበት) ላይ ሲአርኤፍ የሚባል አለ፣ ጥራቱን ነው የምትነግሩት፣ ምንም ካላላችሁት 23 ነው፣ ቁጥሩ ሲቀንስ ጥራቱም መጠኑም ይጨምራል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዱአ ሲያደርጉ፣ ካሜራው ቆሞ፣ ምንም እንቅስቃሴ የለም፣ እዛ ላይ ቢትሬቱ መሬት ይነካል። ጭፈራው ሲጀመር፣ ጭስ ማሽኑ ተለቆ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከላይ እየወረደ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ እያንዳንዱ ፍሬም ከቀዳሚው ጋር ስለማይመሳሰል ቢትሬቱ ሰማይ ይደርሳል። አማካዩ 2 ሜጋቢት የሆነ ፋይል እዛች ጋ 8 ሊደርስ ይችላል፣ ለዛ ነው «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ጭፈራው ላይ ብቻ ይቆራረጣል» የሚሏችሁ። ስለዚ ጣሪያ ይደረግለታል፣ ዳሽ ማክስሬት 2.5 ኤም፣ ዳሽ በፍሳይዝ 5 ኤም፣ ሲአርኤፍ 23 ከሱ ጋር። ጭፈራው ላይ ትንሽ ይደበዝዛል፣ እሱን እመርጣለሁ፣ ሰው ደብዘዝ ያለውን ይቅር ይላል የሚቆመውን ግን አይልም። ፍጥነቱን በተመለከተ ፕሪሴት የሚሉት አለ፣ ላፕቶፓችሁ አቅም ካለው ስሎው፣ ካልሆነ ሚዲየም፣ ቬሪፋስት ጋ መሄድ የሚያዋጣው ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃችሁ ነው።

ሌላው ኪፍሬም ነው። ቪዲዮ ውስጥ ሙሉ ምስል የያዙት ፍሬሞች ጥቂት ናቸው፣ መሃል ያሉት ከቀዳሚው ምን ተለወጠ የሚለውን ብቻ ነው የሚይዙት። ወደፊት ስታሳልፉ ፕሌየሩ መነሳት የሚችለው ከሙሉው ፍሬም ነው። ኤክስ264ን ዝም ካላችሁት በሁለት ኪፍሬም መሃል እስከ 250 ፍሬም ሊሄድ ይችላል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 10 ሰከንድ ማለት ነው፣ «ሳሳልፈው ሌላ ቦታ ይወስደኛል» የሚለው ስሞታ ከዚህ ነው የሚመጣው። ለሊንክ በሚወጣው ላይ ዳሽ ጂ 50 እላለሁ፣ በየ2 ሰከንዱ ይሆናል። ፋይሉ ትንሽ ይጨምራል፣ ግድ የለም። ሳትኤንኮዱ በኮፒ ብቻ ስትቆርጡም ይሄ ይመጣባችኋል፣ መቁረጥ የሚቻለው ኪፍሬም ላይ ነው፣ ከመሃል ከቆረጣችሁት ድምፁ ጀምሮ ምስሉ ቆሞ ይቆያል። ሎስለስከት ላይ ከኪፍሬም ወደ ኪፍሬም የምትዘል ቁልፍ አለች፣ በሷ ፈልጉ።

በኮፒ የማይድኑ ሌሎችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። 10 ቢት ኤች 264 ኮምፒውተር ላይ ይሄዳል፣ ስልክና ቲቪ ላይ አብዛኛው አይችለውም። የድሮዎቹ ካሜራዎች ኢንተርሌስድ የሚቀርፁት፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ዳሩ እንደተበጣጠሰ መስመር መስመር የሚሆነው፣ ያዲፍ በሚባለው ፊልተር ተስተካክሎ ኤንኮድ መደረግ አለበት። ስልክ የቀረፀው ፍሬም ሬቱ የሚዋዥቅ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፍ ይለያል፣ መጀመሪያ ወደ ቋሚ ማምጣት ነው። አዲሶቹ አይፎኖች ኤችዲአር (ብርሃኑንና ጨለማውን አስፍቶ የሚይዝ ቀረፃ) ሲቀርፁ ደግሞ ሌላ ቲቪ ላይ ቀለሙ የታጠበ ይመስላል፣ እሱንም ከቀረፃው በፊት ማጥፋት ነው የሚሻለው። ተቆራርጠው የሚመጡት የካሜራ ኤምቲኤስ ፋይሎች ግን አያስደንግጧችሁ፣ ሚሞሪው ፎርማት የተደረገው በፋት32 ስለሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ ስለማይችል ነው የተቆራረጡት፣ በኤፍኤፍኤምፔግ ኮንካት በሚባለው ማያያዣ በኮፒ ትቀጥሏቸዋላችሁ፣ ሬንደር (እንደገና መጨመቅ) አያስፈልግም። ከሪሲቨር የተቀዳ ቲኤስም አብዛኛው በኮፒ ወደ ኤምፒፎር ይገባል፣ ሰዓቱ የተዘበራረቀበት ካለ ከዳሽ አይ በፊት ዳሽ ኤፍፍላግስ ፕላስ ጄንፒቲኤስ ጨምሩለት።

አይፎን ላላቸው ዘመዶች ሄቪሲ በኤምፒፎር ስትልኩ አንድ ተንኮል አለች። ፋይሉ ውስጥ ያለው መለያ ሄቭ1 ከሆነ የአፕል የራሱ ፕሌየር አይከፍተውም፣ ኤችቪሲ1 መሆን አለበት። ምስሉን መንካት አያስፈልግም፣ በኮፒ ላይ ዳሽ ታግ ኮሎን ቪ ኤችቪሲ1 ብቻ ነው። ይሄን ሳያውቅ ሙሉ ቪዲዮ ድጋሚ የሚጨምቅ ሰው ብዙ አለ።

መብራት። ጅማ የሚኖር ሰው ይገባዋል፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጀምር መብራቱ አብሮ ነው የሚሄደው። ፕሮግራም በኦቢኤስ (ኮምፒውተር ላይ የሚቀዳና ቀጥታ የሚያስተላልፍ ነፃ ሶፍትዌር) የምትቀዱ ከሆነ፣ ቀጥታ እያስተላለፋችሁም ቢሆን፣ ቀረፃውን በተለመደው ኤምፒፎር ሳይሆን በኤምኬቪ አድርጉት። ምክንያቱ ያ ማውጫ ያልኳችሁ ነገር ነው፣ ተራው ኤምፒፎር ማውጫውን የሚጽፈው ቀረፃው በሰላም ሲዘጋ ነው፣ በመሃል ኮምፒውተሩ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተቀዳው ሃርድ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሎ ማንም አይከፍተውም። ኤምኬቪ ግን እየሄደ እየሄደ ስለሚጽፍ መብራቱ እስከሄደበት ሰከንድ አካባቢ ድረስ ያለው ይገኛል። ሲያልቅ ኦቢኤስ ላይ ፋይል ከሚለው ስር «ሪመክስ ሪከርዲንግስ» አለ፣ ወዲያው ኤምፒፎር ያደርግላችኋል። የካሜራ ባትሪ ድንገት ወጥቶ ኤምፒፎሩ ለተበላሸባችሁ ደግሞ አንትራንክ የሚባል አለ፣ በዛው ካሜራ በዛው ሴቲንግ የተቀረፀ ጤነኛ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ እሱን አይቶ የተበላሸውን ማውጫ ለመገመት ይሞክራል። ሁሌ አይሰራም፣ ሲሰራ ግን ሰው ያስለቅሳል። ስለዚ ሚሞሪውን ፎርማት አታድርጉ፣ ምንም አትቅረፁበት፣ አውጥታችሁ አስቀምጡት።

ሰብታይትል ላይ የአማርኛ ጣጣ አለ። እኛ ጋ የወንድ ወገን በኦሮምኛ መርቆ የሴት ወገን ከጎንደር የመጣ የሆነበት ሰርግ ያጋጥማል፣ ታዲያ ምርቃቱን ቤተሰቡ እንዲረዳው ከስር በአማርኛ ይጻፍልን ይላሉ። ኤስአርቲ (የሰብታይትል ጽሁፍ) ፋይል አድርጋችሁ ስትሰሩት ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ካልሆነ የጥያቄ ምልክት ነው የሚመጣው። ኤምፒፎር ውስጥ ለማስገባት ዳሽ ሲ ኮሎን ኤስ ሙቭ አንደርስኮር ቴክስት ነው፣ ኤምኬቪ ኤስአርቲውን እንዳለ ይቀበላል። ስልክ ላይ ይሄ ይሰራል። ቲቪ ላይ ግን ብዙዎቹ የግዕዝ ፎንት ስለሌላቸው ባዶ ሳጥን ሳጥን ነው የሚደረድሩት፣ ለቲቪ ከሆነ ጽሁፉን ምስሉ ላይ ማተም ግድ ነው፣ እሱ ደግሞ ኤንኮድ ነው፣ መሸሻ የለውም። ስታትሙ ኮምፒውተራችሁ ላይ የግዕዝ ፎንት መኖሩን እዩ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነፃ ይገኛሉ። ከስሩ ጥቁር ጥላ አድርጉበት፣ ነጭ ጽሁፍ ነጭ ቀሚስ ላይ አይነበብም።

ቤት ውስጥ በዋይፋይ ለሚያዩ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጄሊፊን የሚባለውን ነፃ የቪዲዮ ሰርቨር ጭናችሁ ቲቪውን ማገናኘት ትችላላችሁ፣ ኢንተርኔት አይነካም፣ ዳታ አይበላም። መንቲና ያለው ጓደኛዬ ቤት እንደዛ ነው ያደረግነው። ጄሊፊን ዳሽቦርዱ ላይ እያንዳንዱ ቪዲዮ እንዴት እየተላለፈ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ዳይሬክት ፕሌይ ካለ እንዳለ እየላከው ነው፣ ሪመክስ ካለ መያዣውን እየቀየረ ነው፣ ሁለቱም ለአሮጌ ላፕቶፕ አይከብዱም። ትራንስኮዲንግ ካለ ግን እያየ እየጨመቀ ነው፣ ፋኑ ሲጮህ ትሰሙታላችሁ፣ ቪዲዮውም ይንገጫገጫል። ያን የሚያመጡት ያው ቅድም ያልናቸው ናቸው፣ ቲቪው የማያውቀው ኮዴክ፣ 10 ቢት፣ ወይም ከብሉሬይ የመጣ በምስል መልክ ያለ ሰብታይትል፣ እሱን ለማሳየት ሙሉውን ምስል ድጋሚ መጨመቅ ስላለበት። ሰብታይትሉን ዝጉና እዩት፣ ከተስተካከለ ምክንያቱ እሱ ነበር። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ቲቪውን እሱ ላይ አድርጉት፣ ግድግዳ ከበዛ ግን 2.4ቱ ይሻላል፣ ከሁሉም ደግሞ ኬብል።

ዋጋ ለሚጠይቁኝ፣ ሪመክስ ብቻ ከሆነ ብር አልቀበልም፣ ፍላሹን ይዛችሁ ኑ፣ ቁጭ ብላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ኤንኮድ ከሆነ ሌሊት ነው የምሰራው፣ መብራት ከኖረ ጠዋት ይደርሳል፣ እሱ ይከፈልበታል። ስትመጡ ግን ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ኑ፣ በዋትስአፕ ተልኮ የመጣውን አይደለም፣ እሱ አንዴ ተጨምቆ ያለቀ ነው። እና የሚያሳያችሁ ቲቪ የትኛው እንደሆነ ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አምጡልኝ፣ ምን ምን እንደሚችል ከሱ ነው የምናገኘው።